የቡሬው መብራት የሚጠፋበት ልክ

ቡሬ፣ ኅዳር 12 ቀን 1931 ዓ.ም.

ወንድሜ ክንዱ፣

የደብራችን እመቤት ባለህበት ትጠብቅህ፤ የሰው አገር ክፉውን ታርቅልህ። እንዴት ሰነበትክ? እኛ በሕይወት አለን። «ደህና ነን» ብዬ እንዳልጽፍልህ ግን የአባቴ የታከለ ነፍስ ትታዘበኛለች። ፊደል ሲያስቆጥርህ ውሸት የጻፈ እጅ ይደርቃል እያለ ያስፈራራህ አልነበር? አንተ እየተቆነጠጥክ፣ እኔ ጥግ ይዤ እንዝርት እያሾርኩ የሰማሁት ፊደል ይኸው ዛሬ ሥራ አገኘ። ቄስ ለምኖ ማስጻፍ ቀርቶልኛል።

ከመስከረም ወዲህ ማንኩሳ አይደለንም። ባሎቻቸው ጫካ የገቡ ሴቶች ሁሉ ከየቀያቸው ተነሥተው ቡሬ፣ ከጣሊያን ምሽግ ሥር ጎጆ እንዲቀልሱ ታዘዘ። ተስፋው ጫካ ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው። ስለዚህ እኔም፣ እምዬም፣ ጡት ያልጣለችው ልጄ አደይም እዚሁ ነን። ላሞቹ የት እንደደረሱ አልጠየቅሁም፤ ቢነግሩኝስ ምን ላደርግ።

እምዬ ትስምሃለች። አባትህና እናትህ በኅዳሩ በሽታ ባንድ ሳምንት ሲሞቱ አንተን በጀርባዋ እኔን በሆዷ ይዛ እንዴት እንዳሳደገችን ለጎረቤቱ ሁሉ ነግራ ጨርሳለች። አሁን ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምራለች።

የምጠይቅህን ስማ። ምሽጉ ማማ ላይ መብራት ሰቅለዋል። መብራት ስልህ ኩራዝ እንዳይመስልህ። ሲመሽ ይጀምርና ከጎጆአችን እስከ ወንዙ ድረስ ያለውን ሜዳ እየዞረ ያበራዋል፤ ዛፉን አስቀድመው ቆርጠው ጨርሰውታል። እሱ ሲበራ ጨረቃ የታመመች ትመስላለች። ሴቶቹ ተጣልተውበታል። ካሰች መብረቅ በጠርሙስ ይዘው ነው ትላለች፤ እናኑ ደግሞ የዘንዶ ዓይን ነው ብላ ልጆቹን አስለቅሳቸዋለች። እምዬ የምትለው ሌላ ነው። «ጸሎቴን ስጀምር ጠብቆ ይመጣብኛል፤ ምን የሚሉት ባለጌ ነው!» ትላለች።

አንተ ሥዕል በግድግዳ ላይ ሲራመድ የሚታይበት ሲኒማ የሚባል ቤት ሥራ ያዝኩ ብለህ ልከህብን አልነበር? ይህንንም ሳታውቀው አትቀርም። ምን በልቶ ነው እንዲህ የሚነጣው? ጻፍልን፤ ለሴቶቹ አንብቤላቸው እንሳቅበት። ጨውም ካገኘህ በላቀው ላክልን። ላቀው እንደምታውቀው ለበቅሎዎቹ እንጂ ለሰው የማያወራ ነጋዴ ነው፤ ወረቀቱን ኮርቻ ውስጥ ሰፍቶ ነው የሚያመላልሰው። አትስጋ።

እኅትህ ወለተ ሥላሴ


አስመራ፣ ጥር 14 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወለተ ሥላሴ፣ ለእናቴም ለእምዬ እማዋይሽ፣

ሰላምታዬ ከጥምቀቱ በረከት ጋር ይድረሳችሁ። እኔ ስለ እናንተ ከማሰብ በቀር ምንም አልሆንኩም። የእምዬን ጉልበት በእኔ ፈንታ ሳሚልኝ፤ እርሳቸው በጎጆ ተኝተው እኔ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ማደሬን ሳስበው እንቅልፍ እንቢ ይለኛል።

ስለ መብራቱ ጠይቀሽኛል። እዚህ ፋሮ ይሉታል። ሁለት የከሰል ዘንጎች አሉት፤ ውፍረታቸው የጣት ያህል ነው። ጫፍ ለጫፍ አገናኝተው ኤሌክትሪክ ይለቁባቸውና መልሰው ጥቂት ያራርቋቸዋል። ያን ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው እሳት ይዘላል። ካሰች መብረቅ ነው ካለች ብዙም አልተሳሳተችም፤ ንገሪያት። ከኋላው ትልቅ መስተዋት አለ፤ ብርሃኑን ሰብስቦ ሜዳው ላይ የሚወረውረው እርሱ ነው።

ከሰሉ ብቻውን ግን እንዲያ አይነጣም፤ ወደ ቢጫ ያደላል። ነገሩ ያለው መሐሉ ላይ ነው። ዘንጉ እንደ ሸምበቆ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይሠራና ነጭ ዱቄት ይጠቀጠቅበታል። ጣሊያኖቹ «ፍሉዎሩሮ ዲ ቼሪዮ» ይሉታል፤ በሌላ አገር ሴሪየም ፍሎራይድ ነው አሉ ስሙ። ሴሪየም ብርቅ ከሚሏቸው አፈሮች የሚወጣ ብረት ነው። ፍሎሪን የሚባለው ደግሞ ለብቻው ሲሆን የሰው ሳንባ የሚያቃጥል ክፉ አየር ነው። ሁለቱ ሲዋሃዱ ጠባያቸው ይለወጣል፤ የማይሸት፣ የማያቃጥል፣ ነጭ ጤፍ ተፈጭቶ የተቀመጠ የሚመስል ዱቄት ይሆናሉ። እፍኝ ስትይዢው ግን ከጤፍ ዱቄት ይልቅ ይከብዳል። አንድ ቀን ቆንጥሬ ውኃ ውስጥ ጨመርኩት። እንደ ጨው ይሟሟል ስል ከብርጭቆው ሥር ተኝቶ ዋለ። ምድጃ ውስጥም ጨመርኩት፤ እሳቱን ከቁም ነገርም አልቆጠረው። በዚያ በከሰሉ እሳት መሐል ሲገባ ብቻ ነው ተንኖ የሚያበራው፤ ያን ጊዜ የቀትር ፀሐይን ያስንቃል። ሲኒማ ቤት ሥዕሉ ጠርቶ የሚታየውም በዚሁ ነው። ጭሱ ጉሮሮ ይከረክራል። መስተዋቱ ላይም ነጭ ትቢያ ይተዋል፤ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ እንጠርገዋለን።

እምዬ ፊት ለፊት እንዳያዩት ንገሪልኝ፤ ዓይን ይጎዳል። ጨውና ሳሙና ልኬአለሁ። ስለ ሥራዬ ሌላ የምጽፈው የለኝም። ጫማ ገዝቻለሁ።

ወንድምሽ ክንዱ


ቡሬ፣ የካቲት 25 ቀን 1931 ዓ.ም.

ወንድሜ ክንዱ፣

እግዚአብሔር ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ፤ መጾምህን እንኳ እግዜር ይወቀው። ጨውህ ደረሰን፤ ጎረቤት ሁሉ መርቆሃል።

ደብዳቤህን ለሴቶቹ አነበብኩላቸው። ካሰች «አላልኋችሁም!» ብላ ተነሥታ ቆመች፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ተሾመ ሰው ነው የምትራመደው። እምዬ ግን እስከ መጨረሻው ሰምታ «ይህን ሁሉ የሚያውቅ ልጅ ሚስት መፈለግ እንዴት አቃተው?» አለች። መልሱን ለእሷ ላክ።

እኔን አንድ ቃል ቆረቆረኝ። ስለ መስተዋቱ ስትጽፍ «እንጠርገዋለን» ብለሃል። የሲኒማውን ነው፣ አይደል? የሲኒማውን ነው።

አሁን ሳቁ ይብቃን። ጎጆዎቹ መካከል ሳል ገብቷል። ከእኛ ቀጥሎ ካለው ቤት ሁለት ሕፃናት ሞተው ወጥተዋል። አደይ ማሳል ከጀመረች ሰነበተች፤ ስታስል ፊቷ ይጠቁራል። እህል ሰፍረው የሚሰጡን ለነፍስ ማቆያ ነው። እምዬ የራሷን ድርሻ «ጠገብሁ» እያለች ለእኔ ትተዋለች፤ የእጇ አጥንት ከቆዳው ሊወጣ ደርሷል። ክረምቱን እዚህ ከከረምን የልጄም የእናቴም ነገር እንዳበቃ ቁጠረው።

ተስፋው ሰው ልኮብኛል። ከወንዙ ማዶ ሆኖ ይጠብቀንና ወደ ሽንዲ ይወስደናል፤ እዚያ ዘመድ አለው፣ ጠላትም አይደርስበትም። ግን ወንዙ ሳይሞላ መሆን አለበት። ወንዙ ዘንድ ለመድረስ ደግሞ ሜዳው አለ፣ ሜዳው ላይ መብራቱ አለ፣ ከመብራቱ ጎን መትረየሱ አለ። እናኑ ባለፈው ወር ሞክራ ነበር። ከሜዳው እኩሌታ አላለፈችም። ሦስት ቀን እዚያው ተዉአት፣ እንድናያት ብለው።

መብራቱ ግን አልፎ አልፎ ይጠፋል። መጀመሪያ ነጩ ይሄድና ቢጫ ይሆናል፤ ቀጥሎ ይጨልማል፤ ቆይቶ ተመልሶ ይነጣል። አንዳንዷ «ቶሎ ይመለሳል» ትላለች፣ ሌላዋ «ይቆያል» ትላለች፤ የፈራ ሰው ጊዜ መለካት አይችልም። አንተ ሳትፈራ ልትለካው ትችላለህ። ምን ያህል ነው የሚቆየው? ከመካከላችን ሰዓት ያለው የለም፤ በምናውቀው ልክ ንገረን። ከሰኔ በፊት ይድረስልኝ።

እኅትህ ወለተ ሥላሴ


አስመራ፣ መጋቢት 28 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወለተ ሥላሴ፣

መጪው ትንሣኤ ለእምዬም ለአንቺም ለሕፃኗም የጤና ይሁን። የአደይን ሳል ሰምቼ አዘንኩ። ከሐኪም ቤት የሚጠጣ መድኃኒት አግኝቼ ልኬላታለሁ፤ ጠዋትና ማታ በትንሽ ማንኪያ ስጫት። ለእምዬ ብርድ ልብስ አለ፤ ወፍራም ነው፣ ከግመል ጠጉር የተሠራ ነው ብለውኛል። ለአንቺም ሻሽ ልኬአለሁ። ስለ ሚስት ለጠየቁት፣ እዚህ ያሉት ሴቶች ሁሉ ቡና ሲጠጡ ስኳር ያበዛሉ፣ እምዬ ቤት አይበረክቱም በዪልኝ።

አስመራ ዘንድሮ ዝናቡ ዘግይቷል። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

የጠየቅሽኝን ነገር በወረቀት ማስፈር ይከብደኛል። መንገድ ላይ ፍተሻ በዝቷል፤ ለላቀውም እሰጋለሁ። ለጊዜው ታገሡ። እግዚአብሔር ያውቃል።

ወንድምሽ ክንዱ


ቡሬ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1931 ዓ.ም.

ክንዱ፣

ብርድ ልብሱ ደርሷል። እምዬ ለብሳው መርቃሃለች፤ እኔ ግን አልመርቅህም።

ሻሽ ማን ጠየቀህ? የጠየቅሁህ አንድ ነገር ነው፤ እሱን ትተህ ሌላውን ሁሉ ላክህልኝ። ለላቀው እሰጋለሁ ብለሃል። ላቀው ራሱ ደብዳቤህን ሲሰጠኝ የኮርቻውን ስፌት እየፈታ ምን እንዳለኝ ልንገርህ? «ልጁን ያገኘሁት ሲኒማ ቤት አይደለም። የጣሊያን ጦር መጋዘን ደጃፍ፣ ቁልፍ በወገቡ ይዞ ነው።» ይህን ብሎ ለበቅሎዎቹ ውኃ ሊያጠጣ ሄደ።

ለእምዬ አልነገርኳትም። ስትጠይቀኝ «ሲኒማ ቤት ነው» እላታለሁ። እዚህ ከምሽጉ ጋር የሚውሉትን ምን ብለን እንደምንጠራቸው ታውቃለህ፤ ያን ስም በአንተ ላይ እንዳልጠራው ምላሴን እየያዝኩት ነው። ምላሴን ይዤ የምቆየው ላቀው እስኪመለስ ድረስ ነው።

የመድኃኒቱ ጠርሙስ ግማሽ ደርሷል። ሳሉ አልቀነሰም።

ወለተ ሥላሴ


አስመራ፣ ግንቦት 20 ቀን 1931 ዓ.ም.

እቴ ወለተ ሥላሴ፣

ሰላምታ ለመስጠትም አፈርኩ፤ እምዬን ግን እንደ ልማዴ ሳሚልኝ።

ላቀው ያየው እውነት ነው። ሲኒማ ቤቱን የተውኩት በ1929 ነው። ጦሩ የመብራት ሥራ የሚያውቅ ሰው ሲፈልግ አለቃዬ እኔን ጠቆመ፤ እንቢ ማለት ይቻል እንደሆነ አልሞከርኩትም። እንጀራው የተሻለ ነበር። ለፋሮዎቹ የሚሄዱትን ዘንጎች ሣጥን ውስጥ ደርድሬ የማሽገው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሣጥኑ ላይ «ቡሬ» ብለው ጻፉ። ሳየው ደስ አለኝ፣ የአገሬን ስም በሰው አገር አየሁ ብዬ። ይህን ስጽፍልሽ ፊቴ እሳት ሆኗል። መብራቱ ማንን እንደሚያይ ያሰብኩት አንቺ ስለ እናኑ ስትጽፊልኝ ነው። ስለ ዱቄቱ ያን ሁሉ ተኩራርቼ የጻፍኩልሽን ወረቀት ባገኘው እቀደዋለሁ።

አሁን የጠየቅሽኝን ስሚ። ነጩ ሄዶ ቢጫ ሲሆን ዱቄቱ አለቀ ማለት ነው። ያን ጊዜ መብራቱን የሚጠብቀው ሶላቶ፣ ወታደሩ፣ ኤሌክትሪኩን ይዘጋል፤ የጋለውን ጉማጅ በመቆንጠጫ ያወጣና አዲስ ዘንግ ይተክላል። አዲሱም ወዲያው አይነጣም። ጫፉ ላይ ያለው ዱቄት በእሳቱ ተበልቶ ጎድጓዳ እስኪያበጅ ድረስ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚነጣው።

ፋሮዎቹ ወደየምሽጉ ሳይላኩ እዚህ ይፈተናሉ። ዘንግ ሲለወጥ አጠገባቸው ቆሜ ለካሁት። በምናውቀው ልክ ብለሻልና በልቤ አቡነ ዘበሰማያትን ከነበሰላመ ቅዱስ ገብርኤሉ ደገምኩ። ሦስት ጊዜ ደግሜ ስጨርስ መብራቱ ነጣ። በሌላ ቀንም፣ በሌላ መብራትም ሞከርኩት፤ ሁልጊዜ ሦስት ነው። እንግዲህ መብራቱ እንደ ጨለመ ተነሡ። ሁለቱን ሜዳው ላይ ድገሙ፤ ሦስተኛውን ሳትጨርሱ ወንዙ ዳር፣ ከገደሉ ሥር ግቡ።

ዱቄቱ ውድ ስለሆነ ይቆጥቡታል። ሲመሽ መጀመሪያ የሚለኩሱት የትናንቱን ጉማጅ ነው። ስለዚህ ቶሎ ያልቃል፤ ሰዎቹ ራት ላይ ሳሉ ነው መጀመሪያ የሚጠፋው። ያን ጠብቁ።

እመቤቴ ከፊታችሁ ትሂድ።

ክንዱ


ሽንዲ አጠገብ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1932 ዓ.ም.

ክንዱ፣

አደይ ድናለች፤ ማር እየላሰች ወፍራለች። ተስፋው ደህና ነው። እኔም አለሁ። ማን እንደቀረ ገብቶሃል።

እስካሁን ያልጻፍኩት ወንዙ ስለሞላ ነው ብዬ ለተስፋው ነግሬዋለሁ። ወንዙ ግን ከጎደለ ሰነበተ።

በሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው የወጣነው። ገና ዓይን ለዓይን መተያየት ሳይጠፋ አደይን ጡት አጉርሼ ዝም አሰኘሁና በአንቀልባ አዘልኳት። ለእምዬ ስለ መብራቱ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ደስ አላት። ደስ ነው ያላት፣ ክንዱ። «ልጄ በጸሎት ለክቶ ላከልኝ» አለች። «እኔ እደግማለሁ፤ አንቺ በእኔ ጸሎት ተራመጂ። ልጅ ተሸክመሽ እንዴት ትቆጥሪያለሽ?»

መብራቱ ቢጫ ሆነ፤ ጨለመ። እጅ ለእጅ ተያይዘን ወጣን። እምዬ ጀመረች። እንዴት እንደምትደግም አትረሳውም። በየቃሉ ላይ ትቆማለች፤ ቃሉን እንደ ዳቦ ለእያንዳንዱ ሰው የምታድል ነው የምትመስለው። የእመቤታችን ስም ጋ ስትደርስ እዚያው ሜዳው ላይ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች። እኔም አብሬያት ዝቅ አልሁ።

ሁለተኛውን ስትጀምር ከሜዳው እኩሌታ ትንሽ አልፈን ነበር። የዚያን ጊዜ ደብዘዝ ያለው ብርሃን መጣ። አንተ የጻፍከው ያ ደብዛዛው።

«እምዬ፣ በርቷል፣ ሩጪ!» አልኋት።

«ቆዪ ልጄ» አለችኝ። «ገና ሁለተኛው ነው። ክንዱ ሦስት ብሏል።»

ከዚያ ነጣ። እኔ እጇን ለቀቅሁ። ልጄን ወደ ደረቴ አዙሬ ሮጥሁ። ከኋላዬ ድምፅዋን እሰማው ነበር፤ አልጮኸችም፣ አልጠራችኝም፣ እየደገመች ነበር። ጀምራ የማታቋርጥ ሰው ናት። ከዚያ መትረየሱ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ዋጠው። ተስፋው ወንዙ ውስጥ ገብቶ ጎትቶ አወጣኝ። ልመለስ ብዬ ታገልኩት ብዬ ብጽፍልህ ደስ ባለኝ፤ አልታገልኩትም።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ሦስት ነው ያልከን። በማን ጸሎት ነው የለካኸው?

ወለተ ሥላሴ


አስመራ፣ መጋቢት 3 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለወለተ ሥላሴ፣

እግዚአብሔር ያጥናሽ የማለት አፍ የለኝም። ያጥናሽ ግን።

ላቀው ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን መልሼዋለሁ። በሦስተኛው ደጄ ላይ ቁጭ አለ፤ እስክጽፍ አልነሣም ማለቱ ነው። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

በራሴ ጸሎት ነው የለካሁት። ጸሎት ካልነው። ከተውኩት ዓመታት አልፈዋል። ያን ዕለት ያነሣሁት ለአምላክ አልነበረም፤ ሰዓት ስላልነበረኝ ሰዓት አደረግሁት። አለቃው ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ እንዳያይ ጥርሴን ነክሼ፣ ቃላቱን እየዋጥኩ፣ በልቤ አስሮጥኩት። ሦስት ጊዜ ያልኩሽ ያንን ነው። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት መብራት ሲፈተን ቆሜ እንደ እምዬ አድርጌ ደገምኩት። በየቃሉ ቆሜ፣ በእመቤታችን ስም ዝቅ ብዬ። ሰዎቹ አበደ አሉ። ሁለተኛውን ሳልጨርስ ነጣ።

ያስተማሩኝ እኮ እርሳቸው ናቸው። አጠገባቸው ቆሜ ስቸኩል ጆሮዬን ይዘው «ማን ያባርርሃል?» እያሉ ከመጀመሪያው ያስጀምሩኝ ነበር። ይህን ረስቼው ነው ብዬ ልጽፍልሽ አልኩና ተውኩት። አልረሳሁትም። ያን ዕለት በሐሳቤ ውስጥ አልነበሩም፤ ዘንጉና እሳቱ ብቻ ነበሩ። አሁን ሌላ የምሰማው የለም። መንገድ ላይ ሰው ሲያነጋግረኝ እንኳ ከበስተኋላው ድምፃቸው «ክንዱ ሦስት ብሏል» ይለኛል።

ሥራውን ልተው ብዬ ነበር፤ የተወ ይታሰራል። ቢያስሩኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን መታሰሬ ለማን ምን ይረባል? ዘንጎቹን ላበላሻቸው ሞከርኩ። ውኃ ውስጥ ነክሬ አሳደርኳቸው፤ ዱቄቱ ውኃ አይነካውም፣ ሲደርቁ እንደ ድሮው በሩ። አሁን ከየሣጥኑ ጥቂቱን መሐል መሐሉን ሰንጥቄ ነው የማሽገው፤ የተሰነጠቀ ሲነድ ይሰበራል። እዳዬን ከፈልኩ ብዬ እንዳይመስልሽ። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ነው።

ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ምን ብዬ እጀምረዋለሁ? የት እንደተቀበሩ ብቻ ንገሪኝ።

ክንዱ


ማንኩሳ፣ ሰኔ 2 ቀን 1933 ዓ.ም.

ወንድሜ ክንዱ፣

በሰላም አውሎ ያሳደረህ አምላክ ይመስገን። አስመራም ከጣሊያን እጅ ወጣች ሲሉ ሰማን። ላቀው ከመንገድ አርፎ ፍኖተ ሰላም ሱቅ ከፍቷል፤ ወጀትን አሁን እንዲያ ይሏት ጀምረዋል። ይህን ደብዳቤ ግን ለሌላ ሰው አልሰጥም ብሎ በቅሎ ጭኗል።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ዓመት አልፎታል። መልስ የነሣሁህ ተናድጄ ነው ብለህ እንደሆነ፣ መጀመሪያ እንዲያ ነበር። በኋላ ግን ሌላ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ጣሊያን በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቆ ሄደ። በማግሥቱ እኔና ተስፋው ሄድን። ካሰች እስከ መጨረሻው እዚያው ጎጆ ውስጥ ነበረች፤ እምዬን ሜዳው ላይ ሲቀብሯት አይታ፣ ሰዎቹ ዘወር ሲሉ ድንጋይ አኑራበታለች። ድንጋዩን አሳየችን። አፅሟን አፍልሰን ማንኩሳ አመጣናት፤ ከአባቴ ጎን አርፋለች። የት ናቸው ላልከው ይኸው ነው። ማማው ላይም ወጣሁ። መስተዋቱን ሰብረውት ሄደዋል። አንድ ሣጥን ዘንግ ቀርቷል፤ አንዱን አንሥቼ ሰበርኩትና ዱቄቱ እጄ ላይ ፈሰሰ። ጠልቼው ልጥለው ነበር የወጣሁት። ምንም አይደለም፤ ነጭ አፈር ነው። ቀሚሴ ላይ ጠረግሁትና ወረድሁ።

አሁን የእኔን ስማ።

እምዬ የመጀመሪያውን ስትጀምር፣ ገና ከጎጆው ደጃፍ ሳንርቅ ታውቆኛል። «ይህ ልጅ እንዲህ አድርጎ አልደገመም» አልኩ በሆዴ። አንተን አውቅሃለሁ፤ ስትበላም ስትጸልይም ችኩል ነህ። የእምዬ ሦስት የአንተ ሦስት እንዳልሆነ ያን ጊዜውኑ ገባኝ። «እምዬ፣ ፍጠኚበት» ማለት እችል ነበር። ወይም ዝም ብዬ እጇን ይዤ መሮጥ እችል ነበር፤ ከስታ ልጅ ነበር የምታህለው። ግን እናቴን፣ ያውም ዓይኗን ጨፍና አምላኳን ስታነጋግር፣ ጸሎትሽን አሩጪው ማለት አሳፈረኝ። አብሬያት ዝቅ እያልኩ ሄድሁ። ማፈሬ ነው የገደላት።

«በማን ጸሎት ለካኸው» ብዬ የጻፍኩልህ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። መልሱን እያወቅሁ ነው የጠየቅሁህ። በደሉ ሁሉ ተጠቅልሎ አስመራ እንዲሄድልኝ ፈልጌ ነው። አንተም ሳትከራከር ተሸከምከው፤ ደብዳቤህን ባነበብኩ ቁጥር እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። መልስ የነሣሁህ ለዚህ ነው።

ሰው ይመጣል። «ጠላት ነው የገደላት፤ ሰማዕት ናት» ይለኛል። እውነት ነው፤ የተኮሰው ጣሊያን ነው፣ ከማማው ላይ አይቶ የተኮሰ። ተስፋውም «አንቺ ልጅሽን አዳንሽ» ይለኛል። ቄሱም እንዲሁ። «አሜን» እላለሁ፤ እንግዳውን እሸኛለሁ፤ ተመልሼ እዚያው ሜዳ ላይ እቆማለሁ።

ተዝካሯን ለኅዳር ሚካኤል አስበናል። ክንዱ ሳይመጣ አላወጣም ብያለሁ፤ ቄሱ ቢቆጡም፣ ዘመድ ቢያጉረመርምም አላወጣም። ና። ይቅር ልልህ አይደለም የምጠራህ፤ ይቅር እንድትለኝም አይደለም። ዝም ብለህ አጠገቤ የምትቀመጥ አንተ ብቻ ነህ። ሰው ሲያጽናናኝ ደክሞኛል።

እኅትህ ወለተ ሥላሴ